ሁለት ካሜራ፣ ሁለት ሰዓት

እኔና ባለቤቴ ሐዋሳ ውስጥ ሠርግ አብረን ነው የምናነሳው። እሷ ከሙሽሪት ቤት ትጀምራለች፣ እኔ ከሙሽራው። ባለፈው ሰሞን የሁለታችንን ፎቶ ላይትሩም በሚባለው የፎቶ ማደራጃ ፕሮግራም ላይ ጭኜ በተነሳበት ሰዓት ሳስደረድረው ጉድ ፈላ፤ አሞራ ገደል ሐይቁ ዳር ያነሳሁት ሁሉ ሙሽሪት ገና ከቤቷ ሳትወጣ መጥቶ ቁጭ! በእጄ ላስተካክል ብዬ ግማሽ ሌሊት ለፋሁ። ሞኝነት ነበር።

ባለቤቴ ናት የነቃችው። "ያንተ ካሜራ በሐበሻ ሰዓት ነው እኮ የተሞላው!" እውነቷን ነው። የእሷ በፈረንጅ።

ግን 6 ሰዓት ብቻ መጨመር አይበቃም፣ ደቂቃውም ይዛነፋል። ሁለታችንም ያነሳነውን ቅጽበት ፈለግን፦ ቀለበት ጣት ውስጥ ሲገባ። የእሷ 13:12 ይላል፣ የእኔ 7:09። የእኔን ፎቶዎች በሙሉ መረጥኩ፣ ከተመረጡት ውስጥ የቀለበቷን ፎቶ ተጭኜ ዋና አደረግኩ፣ ከዚያ ሜታዳታ ከሚለው ሜኑ ውስጥ ኤዲት ካፕቸር ታይም (ፎቶው የተነሳበትን ሰዓት ማስተካከያ) ገብቼ 13:12 ሞላሁ። የቀሩት በዚያው ልክ ተከትለው ተሰለፉ። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም።

አሁን ጠዋት ከመለያየታችን በፊት ሁለታችንም የአንድ ስልክ ሰዓት እስከ ሰከንዱ በየካሜራችን ፎቶ እናነሳለን፣ በኋላ ለማመሳሰል። የእኔ ካሜራም ወደ ፈረንጅ ሰዓት ዞሯል፣ እየከነከነኝም ቢሆን።