ከባህር ዳርቻ አሸዋ የቆየ የብር ዕቃ እንዴት ይፈለጋል?

አሸዋ ውስጥ ዓመታት የተኛ ብር አያብለጨልጭም። ጠቁሯል፤ አንዳንዱማ ከእሳት የወጣ ቆርኪ ይመስላል። እኔ መጀመሪያ ያገኘሁትን የብር ሳንቲም የዛገ ሮንዴላ መስሎኝ ከቆሻሻው ጋር ልጥለው ምንም አልቀረኝም ነበር። ያተረፈው ክብደቱ ነው። በጣቴ መሃል ሳገላብጠው ጠርዙ ላይ ጥርስ ጥርስ የሚሉ ጭረቶች ተሰሙኝ፤ ሮንዴላ ደግሞ እንዲህ ያለ ጠርዝ የለውም።

ሜታል ዲቴክተሩን (ብረታ ብረት ሲያገኝ የሚጮኸውን መሣሪያ) ከቦርሳ ከማውጣትዎ በፊት ፈቃድ ያጣሩ። ሕጉ ከአገር አገር፣ አልፎ ተርፎም ከዳርቻ ዳርቻ ይለያያል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2001 ያጸደቀው ስምምነት ቢያንስ 100 ዓመት ውሃ ውስጥ የቆየን የሰው አሻራ የውሃ ውስጥ ቅርስ አድርጎ ይቆጥረዋል። ስለዚህ የሰመጠ መርከብ ስብርባሪ ያለበትን ቦታ አይንኩ።

ስለ መሣሪያው ብዙ አልልም። ጨዋማ ውሃ ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ፣ በአንድ ፍሪኩዌንሲ ብቻ የሚሠራ ሜታል ዲቴክተር እርጥብ አሸዋ ላይ ሲደርስ ያለምክንያት ይጮሃል። ለደረቅ አሸዋ ይበቃል። ውሃው ዳር ለመሥራት ግን ባለብዙ ፍሪኩዌንሲ ወይም ፐልስ ኢንዳክሽን የሚባለው (በአጫጭር የኤሌክትሪክ ምት የሚሠራው) ዓይነት ያስፈልጋል። ሁለተኛው ጨው ብዙም አይረብሸውም፣ ጠልቆም ያያል፤ ሚስማርን ከብር ለመለየት ግን ደካማ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ሚስማር ሲቆፍሩ ሊውሉ ይችላሉ። ለጀማሪ ባለብዙ ፍሪኩዌንሲውን እመርጣለሁ። ሄድፎን፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው የአሸዋ አካፋና ሁለት ከረጢት (አንዱ ለቆሻሻ) ይያዙ።

ዋናው ሥራ ዳርቻውን ማንበብ ነው። ብዙ ሰው ይህን ዘሎ ሕዝብ በሚበዛበት ቦታ ወዲያ ወዲህ ሲል ይውላል፤ እዚያ የሚገኘው ግን በአብዛኛው የትናንት ሳንቲም ነው። የቆየው ዕቃ ሰምጧል። የብር እፍጋት በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር 10.5 ግራም ገደማ ሲሆን የተለመደው አሸዋ 2.65 ነው። ሞገዱ አሸዋውን በናጠው ቁጥር ብሩ ወደ ታች እየወረደ ይሄድና ጠጠር ወይም ጭቃ ያለበት ጠንካራ ንጣፍ ላይ ሲደርስ ይቆማል። ከባድ ማዕበል የላይኛውን አሸዋ ጠርጎ ሲወስድ ያ ንጣፍ ይቀርባል። እንግዲህ ከማዕበል ማግስት ይውጡ፤ ትናንት ለጥ ያለ ሜዳ የነበረው ቦታ ዛሬ እንደ ደረጃ ተቆርጦ ካገኙት ከሥሩ ይጀምሩ።

አንድ ምልክት ልንገርዎ። ባህሩ ዕቃን በክብደቱና በቅርጹ ይለያል። የአሉሚኒየም እፍጋት 2.7 ብቻ ነው፤ ዓሣ አጥማጆች ለክብደት የሚያስሩት የእርሳስ ብረት ግን 11.3 ስለሆነ ለብር ጎረቤት ነው። በተከታታይ የሚያወጡት የጣሳ ቁርጥራጭ ከሆነ ቦታውን ይልቀቁ። እርሳስ መውጣት ከጀመረ ግን ንቅንቅ አይበሉ፤ ሞገዱ ከባዱን ነገር ያከማቸበት መስመር ላይ ነዎት ማለት ነው።

ሰዓቱም ወሳኝ ነው። በብዙ ዳርቻዎች ውሃው ከሞላበት እስከሚሸሽበት 6 ሰዓት ያህል ይወስዳል፤ ጨረቃ ስትሞላና አዲስ ስትወለድ ደግሞ አርቆ ይሸሻል። የመጨረሻው ዝቅታ ሊደርስ 2 ሰዓት ሲቀረው ይጀምሩና ውሃውን እየተከተሉ ይውረዱ። ሲመለስ እርስዎም ይመለሱ፤ ለአንድ ድምፅ ብሎ መቆየት አያዋጣም።

ከመነሳትዎ በፊት የራስዎን የብር ቀለበት በክር አስረው 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ይቅበሩና ድምፁን ይልመዱ። ብር ከብረታ ብረት ሁሉ የላቀ የኤሌክትሪክ አስተላላፊ ስለሆነ ወፍራም ሳንቲም ቀጭንና ጥርት ያለ ድምፅ፣ በመሣሪያው ስክሪን ላይም ከፍ ያለ ቁጥር ይሰጣል። ቀጭን ሰንሰለት ግን ያሳስታል፤ ድምፁ ደካማና የተቆራረጠ ነው። የመሣሪያውን ክብ ራስ ከአሸዋው 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርገው በዝግታ ያንቀሳቅሱ፤ ጫፍና ጫፍ ላይ ሲደርስ ወደ ላይ አይነሳ። ድምፁ ከግራም ከቀኝም ከተደገመ ይቆፍሩ። ጣሳ መሆኑን ከጠረጠሩ ራሱን ከፍ ያድርጉ፦ ጣሳ ከሩቅም ይጮሃል፣ ሳንቲም ቶሎ ይጠፋል።

አካፋውን ከድምፁ መሃል ራቅ አድርገው ይሰኩ፤ ካወጡ በኋላ ጉድጓዱን ደግመው ይፈትሹና ይድፈኑ። ትልቅ፣ የዛገና ሲሊንደር መሰል ነገር ካዩ ግን እጅዎን ሰብስበው ይራቁ፤ ያልፈነዳ ቦምብ ሊሆን ስለሚችል ለፖሊስ ያሳውቁ።

ቤት ሲገቡ ያገኙትን በንጹህ ውሃ ይዘፍዝፉ። ከዚያ 925፣ 835 ወይም 800 የሚል ማኅተም (ከሺህ ስንት እጁ ብር እንደሆነ የሚያሳይ) ይፈልጉ። የአሜሪካ የ10 እና የ25 ሳንቲም ገንዘቦች እስከ 1964 (እ.ኤ.አ.) ያሉት 90 በመቶ ብር ናቸው፤ የእንግሊዝ ሺሊንግ ከ1920 (እ.ኤ.አ.) በፊት 92.5፣ ከዚያ እስከ 1946 ደግሞ 50 በመቶ ነበር። ማግኔት ከሳበው ብር አይደለም።

ተራ ቀለበትን ለማንጻት ሳህን ላይ የአሉሚኒየም ፎይል አንጥፈው ቀለበቱ ፎይሉን እንዲነካ ያስቀምጡ፤ ቤኪንግ ሶዳ ነስንሰው ሙቅ ውሃ ያፍስሱ። የተበላሸ እንቁላል ሽታ ቢመጣ አይደንግጡ፤ ብሩን ያጠቆረው ድኝ ወደ አሉሚኒየሙ እየሄደ ነው። ድንጋይ ያለበትን ጌጥና ዓመተ ምሕረቱ የሚነበብ አሮጌ ሳንቲም ግን በዚህ መንገድ አያጽዱ፤ የሰብሳቢ ዋጋው ከጥቁረቱ ጋር አብሮ ሊሄድ ይችላል።