ማዋለጃ ክፍል ለተመደባችሁ ጀማሪዎች፦ ከምጥ እስከ ወለደች ማግስት

ጤና ጣቢያ ተመድባችሁ የመጀመሪያው አዳር ላይ የተማራችሁት ሁሉ ከጭንቅላት ብን ሊል ይችላል። ያለ ነው። መጽሐፉን አልደግምላችሁም፤ ሰው ቶሎ የሚዘነጋውን ብቻ ልንገራችሁ።

እናትየዋ ሳትገባ ክፍሉን እዩ። አምቡ ባጉን፣ ያልተነፈሰ ሕፃን የምናስተነፍስበትን ፊኛ፣ ጨምቃችሁ አየር መግፋቱን ሞክሩ፣ ለሕፃን የሚሆን ማስክ አብሮት ይኑር። ሁለት ደረቅ ጨርቅ አዘጋጁ፣ መስኮቱን ዝጉ። ኦክሲቶሲኑስ? ማህፀን አኮማትሮ ደም የሚያቆም፣ ፍሪጅ ውስጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ ያለበት መድኃኒት ነው። ትሪ ላይ በሙቀት ከርሞ ኃይሉን ቢያጣ የምታውቁት ደም አልቆም ሲል ነው።

ስትገባ ስሟን ጠይቁ፣ የናንተንም ንገሯት። የክትትል ካርዷን አንብቡ፣ ግፊቷን፣ የልብ ምቷንና ሙቀቷን ለኩ። ግፊቱ 140/90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፣ በተለይ ራሴን ያመኛል፣ ዓይኔ ይደበዝዛል ካለች፣ ወዲያው ከፍ ያለ ባለሙያ ጥሩ። የሽርት ውሃው ፈሶ ከሆነ ከስንት ሰዓት ጀምሮ እንደሆነና ቀለሙን ጠይቁ፤ አረንጓዴ ከሆነ ሕፃኑ ሆድ ውስጥ ካካ ብሏልና ልቡን ይበልጥ ተከታተሉ።

አብሯት የመጣውን ሰው፣ እናቷም ትሁን እህቷ ወይ ባሏ፣ እሷ ከፈለገች አስገቡት። የዓለም ጤና ድርጅት የ2018 መመሪያም ይህን ይላል። ሌላ ችግር ከሌለባት ሻይ ወይ አጥሚት ትጠጣ፣ ወዲያ ወዲህ ትበል። በጀርባዋ ተንጋላ አትዋል፤ የማህፀኑ ክብደት ትልቁን ደም ስር ስለሚጫነው ለሕፃኑ የሚደርሰው ደም ይቀንሳል። ስትተኛ በጎን፣ በተለይ በግራ፣ ይሻላል። «ማርያም! ማርያም!» እያለች ስትጣራም ዝም በይ አትበሏት፣ ወገቧን እሹላት።

የማህፀን በሯ 5 ሴንቲ ሜትር ካልደረሰ ዋናው ምጥ ገና ነው፤ እናትና ልጅ ደህና ከሆኑ ለማፋጠን አትሩጡ። ሁሉም ደህና ከሆነ የውስጥ ምርመራ በየ4 ሰዓቱ ይበቃል፣ በየደቂቃው እጅ ማስገባት ኢንፌክሽን መጋበዝ ነው። የሕፃኑን ልብ ግን በየ15 እስከ 30 ደቂቃው፣ ምጡ መጥቶ ሲለቃት፣ አንድ ሙሉ ደቂቃ አዳምጡ። በሌላው እጃችሁ የእሷን የልብ ምት ያዙ፣ አለበለዚያ የእናቱን ቆጥራችሁ የልጁ ነው ልትሉ ትችላላችሁ። በደቂቃ ከ110 እስከ 160 ጤናማ ነው። ያገኛችሁትን እዚያው ፓርቶግራፉ፣ ማለትም የምጡ ሂደት የሚመዘገብበት ወረቀት፣ ላይ አስፍሩ። ከወለደች በኋላ ቁጭ ብሎ ፓርቶግራፍ «የሚያሳምር» ባለሙያ ሞልቷል፤ ያ ወረቀት ለሪፖርት እንጂ ለእናትየዋ ምንም አልጠቀማትም።

የማህፀን በሯ ሙሉ በሙሉ ቢከፈትም እሷ ራሷ ማማጥ ካላሰኛት «አምጪ! አምጪ!» እያላችሁ አታድክሟት። አሁን የልጁን ልብ በየ5 ደቂቃው ስሙ። ሆዷ ላይ ወጥቶ መጫን ይቅር፣ የመጀመሪያ ልጇ ስለሆነ ብቻ የብልቷን አፍ በመቀስ መቅደድም እንዲሁ።

ልጁ ሲወጣ እናቱ ሆድ ላይ አድርጉትና ወዲያው አድርቁት፣ እርጥቡን ጨርቅ ጣሉና ደረቁን አልብሱት። ካለቀሰ አፉን መምጠጥ አያስፈልግም። ካልተነፈሰ ጀርባውን እሹት፤ አሁንም ካልሆነ እትብቱን ቆርጣችሁ በአምቡ ባግ አስተንፍሱት፣ ይህ ሁሉ በመጀመሪያው ደቂቃ ውስጥ ነው። ደረቱ ከፍ ዝቅ ሲል ካላያችሁ ማስኩንና የአንገቱን አቀማመጥ አስተካክሉ። ዘቅዝቆ ቂጡን መምታት የድሮ ነው።

ሆዷን ዳብሳችሁ ሌላ መንታ አለመኖሩን አረጋግጡና በዚያችው ደቂቃ 10 ዩኒት ኦክሲቶሲን ጭኗ ላይ ውጉ። ሕፃኑ ደህና ከተነፈሰ እትብቱን ለመቁረጥ ከ1 እስከ 3 ደቂቃ ጠብቁ። የእንግዴ ልጁ ሲወጣ ገልብጣችሁ ሙሉ መሆኑን እዩ።

አሁን ነው ዋናው። እልልታው ይቀልጣል፣ ቤተሰቡ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይላል፣ ገንፎው ይመጣል፣ ሁሉም ሰው ልጁን ያያል፣ እናትየዋ ደግሞ ደክሟት ዓይኗን ጨፍናለች፣ ማንም ብርድ ልብሱን አይገልጥም። ደም የሚፈሰው ይሄኔ ነው። ለ2 ሰዓት ያህል በየ15 ደቂቃው ማህፀኗን ዳብሱ፣ ጠንከር ማለት አለበት፤ ግፊቷንና የልብ ምቷን ለኩ። ደም ከጀርባዋ ስር ይጠራቀማልና እጃችሁን ሰዳችሁ እዩ። ሽንቷንም ትሽና፣ ፊኛ ሲሞላ ማህፀን አይኮማተርም። ደሙ በዛ ካላችሁ ሰው ጥሩ፣ ማህፀኑን እሹ፣ ኦክሲቶሲንና ፈሳሽ በደም ስር አስጀምሩ፣ ከወለደች 3 ሰዓት ሳይሞላ ደም የሚያረጋውን ትራኔክሳሚክ አሲድ 1 ግራም በደም ስር በ10 ደቂቃ ውስጥ ቀስ ብላችሁ ስጡ፣ የተቀደደ ቦታ ፈልጉ። ልብሱ እስኪርስ ሳትጠብቁ አምቡላንስ ጥሩ፤ መንገዱን እናንተ ታውቁታላችሁ።

ልጁ በመጀመሪያው ሰዓት ጡት ይያዝ። አያቶች ቅቤ ላውጠው ሊሉ ይችላሉ፤ አትቆጧቸው፣ እንገሩ የመጀመሪያ ክትባቱ ነው በሏቸው፣ ይገባቸዋል። ቫይታሚን ኬ 1 ሚሊ ግራም ይወጋ፣ ዓይኑን ቴትራሳይክሊን ቀቡ። ለእትብት የሚቀባው ክሎርሄክሲዲን ከዓይን ቅባቱ ጋር ሊመሳሰል ስለሚችል ጽሑፉን ሳታነቡ አትክፈቱ፣ ዓይን ውስጥ ከገባ ክፉኛ ይጎዳል። ገላውን ከ24 ሰዓት በፊት አይታጠብ።

እናትየዋም ቢያንስ 24 ሰዓት ትቆይ። ስትወጣ ደም ከበዛባት፣ ትኩሳት ወይ ኃይለኛ ራስ ምታት ከመጣባት፣ ልጁ ጡት እምቢ ካለ፣ ከጋለ፣ ከቀዘቀዘ ወይ ቶሎ ቶሎ ከተነፈሰ ሳታድር እንድትመለስ ንገሯት። ይህን ለእሷ ብቻ ሳይሆን የሚያርሳት ሰው ባለበት ንገሩ።