ገበና ያወጣ መጽሐፍ፦ «አንጄላስ አሽስ»ን ደሴ ላይ በቡድን አንብቦ መወያየት

የፍራንክ ማኮርት «አንጄላስ አሽስ» በ1996 እ.ኤ.አ. ታትሞ በዓመቱ የፑሊትዘር ሽልማት ያገኘ የልጅነት ትዝታ ነው። ሊምሪክ በምትባል የአየርላንድ ከተማ፣ በ1930ዎቹና በ40ዎቹ፣ አባት ያገኘውን ሁሉ ጠጥቶ በሚገባበት ቤት ያደገ ልጅ ይተርከዋል። አንባቢው በዚህ መጽሐፍ ተስማምቶ አያውቅም። አንዱ እየሳቀ ይጨርሰዋል፤ ሌላው ሕፃናቱ ሲሞቱ ይዘጋዋል፤ ሦስተኛው ደግሞ «የእናቱን ገበና አደባባይ አወጣ» ብሎ ይቆጣል። ለንባብ ቡድን እንዲህ የሚያነጋግር መጽሐፍ በቀላሉ አይገኝም። ካልተዘጋጃችሁበት ግን ሰው ተቀያይሞ ይለያያል።

ቡድኑ ከ8 እስከ 10 ሰው ይሁን። ከዚያ ከበዛ የመናገር ተራ የማይደርሰው ሰው ይኖራል፣ ዝም ያለውም በሚቀጥለው ሳምንት ይቀራል። መጽሐፉ ወደ 360 ገጽ ስለሆነ በሳምንት 60 ገጽ ካነበባችሁ በ6 ሳምንት ያልቃል። እንግሊዝኛው በአጫጭር ዓረፍተ ነገር የተጻፈ ቢሆንም የአየርላንድ የሰፈር ቋንቋ ይበዛበታል፤ የንግግር ትእምርተ ጥቅስም ስለሌለው ማን እንደተናገረ ይጠፋል። ስለዚህ ጎበዙን አንባቢ ከጀማሪው ጋር ሁለት ሁለት አድርጋችሁ አጣምሩ። ቅጂ ካጠረ ጥንዱ አንድ መጽሐፍ ይዞ፣ አንዱ የሳምንቱን የመጀመሪያ ሦስት ቀን ሌላው የቀረውን ያንብብ።

አወያዩ በመጀመሪያው ቀን አንድ ገጽ ማስታወሻ ያድል። አንድ ፓውንድ 20 ሽልንግ፣ አንድ ሽልንግ 12 ፔኒ መሆኑን ይጻፍበት፤ ይህን ያላወቀ አንባቢ የሥራ አጥ ድጎማው ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ አይገባውም። አባትየው ከሰሜን አየርላንድ የመጣ በመሆኑ የአነጋገር ዘዬው ሥራ እንዲነፈግ ምክንያት እንደሚሆንበትም ይገለጽ። የካቶሊክ ልጅ ለመጀመሪያ ቁርባኑ እንዴት እንደሚዘጋጅና ንስሓው በመጋረጃ ተከልሎ እንደሆነም ይጨመር። የነፍስ አባቱን ቤቱ ጋብዞ ለኖረ ኦርቶዶክስም ሆነ ለሙስሊሙ አንባቢ ይህ እንግዳ ነገር ነው። የልጁን የኃጢአት ፍርሃት ያልተረዳ ሰው ደግሞ የመጽሐፉ ግማሽ ቀልድ ያመልጠዋል።

ቀኑ እሑድ፣ ሰዓቱ ከቀኑ 8፡00 እስከ 10፡30 ቢሆን ይመረጣል። በክረምት የጦሳ ተራራ ጉም ከወረደ በኋላ ከሆጤም ሆነ ከቧንቧ ውሃ ሰፈር የመጣ ሰው ሐሳቡ መሄጃው ላይ ይሆናል። ስድስቱ ሳምንታት ከረመዳን ጋር እንዳይገጥሙ አስቀድማችሁ ቁጠሩ፤ ውይይቱ በቡና ዙር ስለሚመራ ግማሹ ጾሞ ግማሹ ሲጠጣ አያምርም።

አቦል ሲቀዳ እያንዳንዱ ሰው ሦስት ደቂቃ ይሰጠው፤ የተሰማውን ይናገር፣ ማንም አይመልስለት። ክርክር ያለ ገጽ አይጀመርም። በቶና ግን «ያሳቀህን» ወይም «ያናደደሽን ገጽ አውጪ» ይባላል። ገጹ ይነበባል፣ ሌሎች የሚናገሩት ስለዚያ ገጽ ብቻ ነው። ይህ ደንብ ሲላላ ወሬው «ድህነት መጥፎ ነው» ወደሚል ሁሉም ወደሚስማማበት ነገር ይወርዳል። በረካው ለከባድ ጥያቄ ይቆይ። ቡና የምታፈላዋ ወይም የሚያፈላው ሰው አንባቢ ከሆነ፣ በሚቀዳበት ጊዜ ንባብ አቁሙ፤ የሲኒ ድምፅና ሐዘን አብረው አይሄዱም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። አንዱ የሳቀበት ሌላው ያለቀሰበት ለምንድን ነው? መልሱ ያለው በአተራረኩ ላይ ነው። ከመግቢያዎቹ ገጾች በኋላ ማኮርት የትልቅ ሰው ድምፁን ያስቀምጥና በልጅ አፍ፣ በአሁን ጊዜ ይተርካል። ልጁ አይፈርድም፤ ያየውን ይናገራል። ፍርዱን አንባቢው ከራሱ ያመጣል፣ ስለዚህም ይለያያል። ይህን በአማርኛ መሞከር ይቻላል። አንድ አንቀጽ መርጣችሁ ሁለት ሰው ለየብቻ በቃል ይተርክላችሁ። አንዱ «አባቴ ሌሊት እየዘፈነ ይመጣል» እያለ ይሂድ፣ ሌላው «ይመጣ ነበር» ይበል። ያቺ «ነበር» የገባች እንደሆነ ትረካው የትልቅ ሰው ይሆናል፤ ሐዘንና ምሬት ይዞ ይመጣል፤ ሳቁም ይጠፋል። አሥር ደቂቃ የማይፈጅ ሙከራ ነው፣ ከአንድ ሰዓት ክርክር ይበልጣል።

ሌላም አለ። እንግሊዝኛ «አንተ» እና «አንቱ»ን አይለይም፤ በአማርኛ የሚተርክ ሰው ግን መምረጥ ግዴታው ነው። «አባቴ ሰክሮ መጣ» ያለና «አባቴ ሰክረው መጡ» ያለ ሁለት የተለያዩ አባቶችን ፈጥረዋል። የመጀመሪያው የቤት ቅርበት ወይም ንቀት ይሰማበታል፤ በሁለተኛው ልጁ አሁንም ያከብራል፣ ስካሩም የበለጠ ያማል። ይህ አባት በጠዋት ሻይ አፍልቶ ለልጁ ተረት የሚነግር ሰው መሆኑን አትርሱ። ተራኪው የትኛውን እንደመረጠ ጠይቁት። አብዛኛው ሰው ስለ አባትየው ያለውን ፍርድ የሚያውቀው ያን ጊዜ ነው።

«እውነት ነው ወይ?» የሚለው ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም፤ ገደብ ካልተደረገለት ሰዓቱን ሁሉ ይበላል። በሦስት ክፈሉት። ትልልቁ ነገር፣ ማለትም ብሩክሊን በ1930 መወለዱ፣ ወደ ሊምሪክ መመለሳቸው፣ የእህቱና የመንትያ ወንድሞቹ ሞት፣ በ19 ዓመቱ ወደ አሜሪካ መሄዱ አንድ ወገን ነው። ልጅ ሊያስታውሰው የሚችለው፣ ረሃቡ፣ ብርዱ፣ ሲጥለቀለቅ ጥለውት ወደ ላይ የሚወጡት ምድር ቤት፣ ለሰፈሩ ሁሉ የሆነው አንድ ሽንት ቤት ሁለተኛው ነው። ቃል በቃል የተጻፈው ምልልስ ሦስተኛው ነው። በ60ዎቹ ዕድሜው መጽሐፉን ያሳተመ ሰው የአራት ዓመት ልጅ ሳለ የሰማውን ንግግር እንደ ቴፕ አልቀዳውም፤ እንደገና ሠርቶታል። ሦስተኛውን በመጠራጠር የመጀመሪያውን መጣል ስሕተት ነው።

በሊምሪክ ብዙ ሰው ተቆጥቷል፤ ከተማችንን አዋረደ፣ አጋነነ ተብሏል። ከተቃዋሚዎቹ አንዱ ተዋናዩ ሪቻርድ ሃሪስ ነበር። ሃሪስም በ1930 የተወለደ የዚያችው ከተማ ልጅ ነው፤ ነገር ግን የተደላደለ ቤተሰብ ነበረው። አንድ ከተማ፣ አንድ ዕድሜ፣ ሁለት ልጅነት። ይህን ለቡድኑ አስቀምጡና «ሁለቱም እውነቱን ተናግረው ይሆን?» ብላችሁ ጠይቁ።

ወሎ ላይ ይህ ጥያቄ ከሌላ ቦታ ይልቅ ይጠልቃል። በ1966ም በ1977ም ዓ.ም. ዓለም ይህን አገር ያወቀው በተራበ ሰው ፎቶ ነው፤ ያን ጊዜ የወሎ አካል የነበረችው ኮረም እስከ ዛሬ በዚያ ትታወሳለች። ስለዚህ የሊምሪክን ሰው ቁጣ እዚህ የሚረዳ አይጠፋም። ልዩነቱን ግን አሳዩ፦ የእኛን ካሜራ የያዘው እንግዳ ነበር፤ የሊምሪክን የጻፈው ልጇ ነው። በረካው ላይ ይህን አንሡ፣ ከዚያ በፊት ግን አይሆንም። ቀድሞ ከተነሣ «ይሄማ ምን አላት፣ የእኛን ባየ» የሚል የመከራ ውድድር ይጀመራል፤ የልጁ ታሪክም የእኛም ይረክሳል። ውድድሩ ከተጀመረ አወያዩ «ወደ ገጹ» ብሎ ይመልሰው። ከቡድኑ ውስጥ በችግር ያደገ ሰው ካለ ደግሞ «አንተ ንገረን» አይባል፤ ፈልጎ ከተናገረ ይደመጣል፣ ከክፍሉም አይወጣም።

በጣም የሚከፋፍለው ምዕራፍ የእናትየው ነው። ከቤት ተባርረው ዘመድ ጋ ሲጠጉ፣ ልጁ በእናቱና በቤቱ ባለቤት መካከል ማታ ማታ የሚሆነውን ያውቃል፤ አውቆም ይጽፈዋል። እሷ በ1981 ሞታለች፣ መጽሐፉ የወጣው ከ15 ዓመት በኋላ ነው። «የሞተ አይወቀስም» የሚለው ወገን እና «ለልጆቿ ጣሪያ ብላ ያደረገችውን መጻፍ ማክበር ነው» የሚለው ወገን እኩል ጊዜ ይሰጣቸው። ሴቶቹ አስቀድመው ይናገሩ፤ ወንዶቹ ከጀመሩ ነገሩ ወደ ፍርድ ይሄዳል።

በ1999 እ.ኤ.አ. የወጣውን ፊልም ብቻ አይቶ የሚመጣ ሰው ይኖራል። ፊልሙ ዝናቡንና ጭቃውን ያሳያል፣ የልጁን ድምፅ ግን እንደ መጽሐፉ ሊይዘው አይችልም፤ ስለዚህ በቶናው ዙር ይስማ እንጂ አይከራከር።

የመጨረሻው፣ 19ኛው ምዕራፍ አንዲት ቃል ብቻ ናት፤ ከእሷ በፊት ለተነሣ ጥያቄ የተሰጠች የአዎንታ መልስ። በስድስተኛው ሳምንት በረካው ካለቀ በኋላ የ18ኛውን መጨረሻና ያቺን ቃል አንድ ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብብ። ከዚያ ሁሉም በአማርኛ እንዴት እንደሚላት በወረቀት ይጻፍ፦ «ነው»፣ «ነዋ»፣ «እንዴታ»፣ «አዎን»። ወረቀቶቹን ሰብስባችሁ አንብቡ፣ ማን እንደጻፈው ሳትጠይቁ።