ከብርቱካን ልጣጭ ፔክቲን ማውጣት

የደሴና የኮምቦልቻ ጁስ ቤቶች የሚጥሉት የብርቱካን ልጣጭ ማርማላታ የሚያረጋውን ፔክቲን በብዛት ይዟል። በዕለቱ የተላጠውን ብቻ ውሰዱ፤ ካደረ የራሱ ኢንዛይሞች ፔክቲኑን ያበላሹታል።

አጥባችሁ ብርቱካናማውን ሽፋን ፋቁ፣ ዘይቱ ይመራል። ነጩን ክፍል 500 ግራም ከትፋችሁ 5 ደቂቃ ቀቅሉና ውሃውን ድፉ። ከዚያ 1.5 ሊትር ውሃና 15 ግራም ሲትሪክ አሲድ ጨምሩ። የአሉሚኒየም ድስት አይሆንም፣ አሲዱ ይበላዋል። የፒኤች ወረቀቱ (የአሲድነት መለኪያው) ከ2.5 በላይ ካሳየ ከ2 እስከ 2.5 እስኪደርስ አሲድ ጨምሩ፤ አለዚያ ፔክቲኑ ከልጣጩ በደንብ አይላቀቅም።

ዋናው ጥንቃቄ ሙቀቱ ላይ ነው። በ85 ዲግሪ ገደማ ለ1 ሰዓት እያማሰላችሁ አቆዩት። ደሴ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ስለዚህ በድስቱ ዳር ትንንሽ አረፋ ብቅ ሲል እሳቱን ቀንሱ። ብዙ ከተንተከተከ የፔክቲኑ ሰንሰለት ይቆራረጥና ማርማላታው አይረጋም።

በንጹህ ነጠላ አጥልሉት፤ አትጭመቁት፣ ይደፈርሳል።

ለሙከራ በ1 ማንኪያ የቀዘቀዘ ፈሳሽ ላይ 3 ማንኪያ 95 በመቶ አልኮል ጨምሩ፣ ከእሳት ርቃችሁ። በሹካ የሚነሳ አንድ ወጥ ዝልግልግ ከሆነ ጥሩ ነው። ከተበጣጠሰ የቀረውን ፈሳሽ ውሃው ተኖ እስኪወፍር በለሰለሰ እሳት ላይ አቆዩት። የሞከራችሁበትን አትቅመሱ፣ ድፉት።

የቀረውን አተላ አሲዱ እስኪለቅ እጠቡና ከብስባሽ ማዳበሪያ ጋር ቀላቅሉት።