በሐዘን፣ በድንጋጤና በጭንቀት የተጎዳን ሰው እንዴት እንርዳ?

ጎጃም ውስጥ ሰው ሲሞት የሚደረገውን ሁሉም ያውቀዋል። መርዶው በማለዳ ይነገራል፣ እድሩ ድንኳን ይተክላል፣ ጎረቤት እዝን ይዞ ይመጣል፣ አልቃሿ የሟችን ሙያ እያነሳች ታስለቅሳለች። ይህ ሥርዓት ራሱ ትልቅ ሕክምና ነው። ችግሩ የሚመጣው ድንኳኑ ተነሥቶ ሰው ወደየቤቱ ሲበተን ነው፤ ሌሊቱ የሐዘንተኛው ብቻ ይሆናል። ባለፉት ዓመታት በአማራ ክልል በቆየው ግጭት ደግሞ መንገድ ተዘግቶበት ለቀብር ያልደረሰ፣ አልቅሶ ያልወጣለት ሰው ብዙ ነው።

የሥነ ልቦና አማካሪ በሥራው የሚከተለው ቅደም ተከተል ከዚህ በታች አለ። ዘመድ፣ የእድር ሰብሳቢ፣ መምህር ወይም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛም አብዛኛውን ሊሠራበት ይችላል። አጥብቄ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው፤ የተጎዳው ሰው የደረሰበትን እንዲተርክ ለማድረግ አትቸኩሉ።

1. መጀመሪያ ደኅንነቱን አረጋግጡ

አሜሪካዊቷ የሥነ አእምሮ ሐኪም ጁዲት ኸርማን በ1992 እ.ኤ.አ. እንዳስቀመጠችው ከከባድ ጉዳት ማገገም ሦስት ደረጃ አለው፤ ደኅንነት፣ የደረሰውን አስታውሶ ማዘን፣ ከዚያም ከሰውና ከኑሮ ጋር መልሶ መገናኘት። እኛ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከሁለተኛው እንጀምራለን።

ስለዚህ አስቀድሞ የሚጠየቀው ተራ ነገር ነው። ዛሬ የት ያድራል? እህል ቀምሷል? ልጆቹን ማን ይዞለታል? የሚያሰጋው ነገር አሁንም አጠገቡ አለ? አደጋው ገና ላላለፈለት ሰው «አይዞህ፣ አልፏል» ማለት እምነቱን ያሳጣችኋል።

ቀጥሎ ያለውን ጥያቄ ብዙ ሰው ይፈራዋል፤ ግን በግልጽ ይጠየቅ። «መኖር አስጠልቶዎት ራስዎን ለማጥፋት አስበው ያውቃሉ?» መጠየቁ ያልነበረ ሐሳብ አያመጣም፤ ብቻውን ይዞት ለቆየ ሰው እንዲያውም እፎይታ ነው። አዎ ካለ ለብቻው አይተው። ቤት ያለው ጠመንጃ ለዘመድ ይሰጥ፣ የነቀዝና የአረም መድኃኒት ከቤት ይውጣ፣ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ። ራስን የማጥፋት ስሜት ብዙ ጊዜ በርትቶ መጥቶ የሚያልፍ ነው። በዚያች ሰዓት እጁ የሚደርስበት ነገር አለመኖሩ ሕይወት ያተርፋል።

2. ታሪኩን አትጎትቱ

የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 እ.ኤ.አ. ያወጣው የመጀመሪያ የሥነ ልቦና እርዳታ መመሪያ ሥራውን በሦስት ቃል ይገልጸዋል፤ ማየት፣ ማዳመጥ፣ ማገናኘት። የተጎዳን ሰው ወዲያው አስቀምጦ የሆነውን ከሥር ከመሠረቱ ማናገር አይመከርም። መናገር ከፈለገ ስሙት፤ ዝም ካለ አብራችሁ ዝም በሉ።

እዚህ ላይ አንድ ልማዳችን ቢታረም ደስ ይለኛል። ለቅሶ የሚደርስ ሁሉ «እንዴት ሆኖ ሞተ?» ብሎ ይጠይቃል፤ እናትም ያንኑ ታሪክ ከጠዋት እስከ ማታ ትደግማለች። ለዚህ መልስ የሚሰጥ አንድ ዘመድ ድንኳኑ በር ላይ ይመደብ። እናቲቱ ልጇን በፈለገችው መንገድ ታንሣው። «ከአንቺ የባሰ አለ»፣ «ወንድ ልጅ አያለቅስም» የሚሉ ቃላትም ይቅሩ። «እግዜር ያጽናሽ» ብሎ አጠገቧ መቀመጥ ይበቃል።

3. ሰውነቱን አረጋጉ

ለምክር የሚመጣ የገጠር ሰው «ተጨንቄአለሁ» ብሎ አይጀምርም። «ሆዴን ባር ባር ይለኛል፣ ራሴን ይከፍለኛል፣ ልቤ ድው ድው ይላል፣ ዐይኔ አልከደን አለ» ነው የሚለው። ሕመሙ እውነተኛ ነው። ሌላ በሽታ እንዳይኖር ሐኪም ይየው፤ ከዚያ ሰውነትን ማረጋጋት ይለማመድ።

ልጃቸውን በተኩስ ያጡ አንዲት እናት በምክር ሰዓት መካከል የጎረቤት ቆርቆሮ በነፋስ ሲጮህ ብርግግ ብለው ተነሡ። ዐይናቸው በሩ ላይ ተተከለ፤ የነጠላቸውን ጥለት በሁለት እጃቸው ጨምድደው ያዙ።

«እማማ፣ ቆርቆሮ ነው። ይቀመጡ። እግርዎን መሬቱ ላይ ጫን ያድርጉት። ይሰማዎታል?»

«ይሰማኛል።»

«እስቲ እዚህ ቤት የሚያዩትን አምስት ነገር ይንገሩኝ።»

«መስኮቱ… ያ ወንበር… ጀበናው…»

አምስተኛው ላይ ሲደርሱ ጥለቱን ለቀቁት። ከዚያ የሚዳሰስ አራት፣ የሚሰማ ሦስት፣ የሚሸት ሁለት፣ የሚቀመስ አንድ እየተባለ ይቀጥላል። ዘዴው ሐሳብን ከዚያች ክፉ ቀን አውጥቶ አሁን ወዳለበት ቤት ይመልሳል።

ትንፋሽም እንዲሁ ነው። እስከ 4 እየቆጠሩ በአፍንጫ ማስገባት፣ እስከ 6 እየቆጠሩ ቀስ ብሎ ማስወጣት፣ ለአምስት ደቂቃ ያህል። የማስወጫው መርዘም የልብ ምትን ያዘገያል። መቁጠሪያ ይዞ የሚጸልይ ሰው ጸሎቱን ከትንፋሹ ጋር ሊያስማማው ይችላል። ልምምዱ ጭንቀቱ በሌለበት ሰዓት ይጀመር፤ በጭንቅ ጊዜ አዲስ ነገር መያዝ ከባድ ነው።

«ሐዘኑን ይርሳበት» ተብሎ አረቄ መስጠት ግን ጉዳት ነው። አረቄ ቶሎ ያስተኛል፣ ሌሊቱን ግን እንቅልፉን ይቆራርጠዋል። ከፋርማሲ የሚገዛ እንደ ዲያዜፓም ያለ የእንቅልፍ ኪኒንም መፍትሔ አይደለም፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ2013 እ.ኤ.አ. ለሐዘን እንዳይሰጥ መክሯል።

4. ሐዘኑን ቦታ ስጡት

ማርጋሬት ስትሮብና ሄንክ ሹት የተባሉ ተመራማሪዎች በ1999 እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት ጤናማ ሐዘን ይመላለሳል፤ አንዴ ወደ ሟቹ፣ አንዴ ወደ ኑሮው። ጠዋት አልቅሶ ከሰዓት ስለ ጤፉ አረም የሚያወራ ሰው «ረሳ» ተብሎ አይታማ።

አስከሬን ሳይገኝ ለቀረ ሟች ፎቶውንና ልብሱን ይዞ ማልቀስ የቆየ ወግ ነው፤ ስለ ፍትሐቱም የንስሐ አባት ይጠየቁ። ደብዛው ለጠፋ ሰው ቤተሰብ ግን «ቁርጣችሁን እወቁ» አትበሉ። «ይመጣ ይሆናል፤ ላይመጣም ይችላል» የሚለውን ሁለቱንም ይዘው እንዲኖሩ ነው የሚረዱት።

ጸጸት ሲመጣ፣ «ያን ቀን ባልልከው ኖሮ» ሲሉ፣ «ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም» ብላችሁ አትዝጉት። «ያን ጠዋት ምን ያውቁ ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። ያኔ የሚያውቁትን ዛሬ ከሚያውቁት ሲለዩ ክሱ በራሳቸው አንደበት ይላላል።

5. የሸሸውን በጥቂት በጥቂቱ አለማምዱት

ፈርቶ ገበያ መውጣት ያቆመ ሰው፣ መንገዱ በእርግጥ ሰላም ከሆነ መጀመሪያ ከወንድሙ ጋር እስከ ደጃፍ፣ ሲለምደው እስከ ቤተ ክርስቲያን፣ በኋላ እስከ ገበያው ይሂድ። አይገፋ፤ ግን እንዲሁ ቤት አይቅር።

6. ወደ ሐኪም መቼ?

ቅዠቱና ብርግግታው ከአንድ ወር በላይ ከቀጠለና ሥራ ካስፈታ ባለሙያ ይየው። ሐዘንም ከስድስት ወር በላይ በማይላላ ናፍቆትና ሥቃይ ከዘለቀና ኑሮን ካቆመ፣ የዓለም ጤና ድርጅት የሕመሞች መለያ መዝገብ ሕክምና እንደሚሻ ሕመም ይቆጥረዋል። አርባውን፣ ሰማንያውንና ሙት ዓመቱን መጠየቂያ አድርጓቸው፤ ተዝካሩ ላይ እንቅልፉንና ምግቡንም ጠይቁ።

በደብረ ማርቆስና በባሕር ዳሩ ፈለገ ሕይወት ሆስፒታሎች የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል። ጠበል የሚገባ ሰው የታዘዘለትን መድኃኒት እንዳያቋርጥ ከንስሐ አባቱ ጋር ተነጋገሩ። በመጀመሪያው ቀጠሮ አብራችሁት ሂዱ፤ ሐኪሙ ሲጠይቀው የሚረሳውን፣ ስንት ሌሊት እንዳልተኛና ምን እንደሚያስበረግገው፣ አስቀድማችሁ በወረቀት ያዙለት።