አልማዝ ባለጭራ ከዳነ በኋላ የሚቀር ሕመም

ቁስሉ ደርቆ 3 ወር ካለፈ በኋላም ቦታው የሚያቃጥልና እንደ ኤሌክትሪክ የሚነዝር ከሆነ የተጎዳው ነርቩ ነው። ቫይረሱን የሚገታው አሲክሎቪር ለዚህ አይረዳም፤ ፓራሲታሞልም ብዙ አያስታግስም። ሐኪም ብዙ ጊዜ የነርቭ ሕመም የሚያስታግስ አሚትሪፕቲሊን የተባለ መድኃኒት ማታ ማታ ከ10 እስከ 25 ሚሊግራም ያስጀምራል። ለውጡ ሳምንታት ይፈጃል፤ ሰው ግን በሦስተኛው ቀን «አልሠራም» ብሎ ይተወዋል። አፍ ያደርቃል፣ ጠዋት ያደነዝዛል። የልብ ሕመም ያለበት ወይም ሽንት አልወርድ የሚለው ሰው አስቀድሞ ይናገር። የኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስድ ደግሞ ካርባማዜፒን (ሌላ የነርቭ ሕመም መድኃኒት) ሲታዘዝለት ዝም አይበል፤ ዶሉቴግራቪር የተባለውን የኤችአይቪ መድኃኒት መጠን በደም ውስጥ ይቀንሳል።

በደብረ ብርሃን ብርድ መደራረብ ግድ ነው፤ የመንዝ ባና ቆዳውን በቀጥታ ሲነካው ግን እሳት ነው። ከሥር ለስላሳ የጥጥ ካናቴራ፣ ጠበቅ ያለ፤ ሰፊው እየተሻሸ ሕመሙን ያባብሳል። አዲስ ውሃ የቋጠረ ሽፍታ ከወጣ ወይም ዓይን ከቀላ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይኬድ።