ኢቪ (የኤሌክትሪክ መኪና) ላይ መስራት የምትፈልጉ ኢንጂነሮች፣ እነዚህን ስህተቶች አትድገሙ

በ2016 ዓ.ም የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ ሀገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ጎንደር ውስጥም "ኢቪ መማር ፈልጌ ነበር ከየት ልጀምር" የሚለኝ ልጅ በዝቷል፣ ደስ ይለኛል ከልቤ ነው። ግን አብዛኞቹ የሚወድቁት እኔም የወደቅኩበት ቦታ ላይ ስለሆነ አንድ በአንድ ልጻፈው ብዬ ነው።

አንደኛው ሙሉ መኪና ካልሰራሁ ማለት ነው። የመመረቂያ ፕሮጀክት ሲደርስ አምስት ልጅ ይሰበሰብና አሮጌ ባጃጅ ገዝቶ ሞተሩን ነቅሎ ኤሌክትሪክ እናርገው ይላል፣ ግማሹ ጊዜ ብየዳ ላይ ያልቃል ግማሹ ብር ፍለጋ ላይ፣ መጨረሻ ላይ ግቢ ውስጥ ሁለት ዙር ዞሮ ፎቶ ተነስቶ እዛው ይቆማል። ከዛ ስራ ፍለጋ ተኪዶ "አንተ የሰራኸው የቱን ነው?" ሲባል መልስ የለም። አንድ ክፍል ያዙና እስከ ጥጉ ሂዱበት። አለን ኮኮኒ የሚባለው ኢንጂነር ጄኔራል ሞተርስ እ.ኤ.አ. በ1990 ላሳየው ኢምፓክት ለሚባል የኤሌክትሪክ መኪና ኢንቨርተሩን (የባትሪውን ኤሌክትሪክ ለሞተሩ እንዲሆን የሚቀይረውን ክፍል) የሰራ ሰው ነው፣ ከዛ ከሌሎች ጋር ሆኖ ኤሲ ፕሮፐልሽን የሚባል ድርጅት መሰረተ፣ ቲዜሮ የምትባል መኪና ሰሩ፣ እ.ኤ.አ. በ2003 የእርሳስ ባትሪዋን አውጥተው ሊትየም አስገቡላት፣ ቴስላን የጀመሩትም ሰዎች ያቺን መኪና አይተው ነው የተነሱት። መነሻው ግን አንድ ኢንቨርተር ነው።

ሌላው፣ መካኒካል የተማሩ ልጆች "ይሄ የኤሌክትሪካሎች ነው" ብለው መሸሻቸው። ኒሳን ሊፍ እ.ኤ.አ. በ2010 ሲወጣ ባትሪው በፈሳሽ አይቀዘቅዝም ነበር፣ አሪዞና በረሃ ውስጥ የገዙት ሰዎች ሁለት ዓመት ሳይሞላ አቅሙ ሲወርድ አዩ። ያ የሙቀት ጉዳይ ነው፣ ሙቀት ደሞ የማን ትምህርት ነው?

አሁን የሚያስፈራኝን ልንገራችሁ። ከ220 ቮልት ጋር ያደገ ልጅ 400 ቮልት የባትሪ መስመር ላይ በዛው ልምድ እጁን ይሰዳል። እባካችሁ። የቤት መብራት በሰከንድ 100 ጊዜ ዜሮን እየነካ ስለሚያልፍ እሳት ቢፈጠር እንኳን የመጥፋት እድል አለው፣ የባትሪው ዲሲ (ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚፈስ ኤሌክትሪክ) ግን ዜሮ የሚባል ነገር አያውቅም፣ አንዴ ከተነሳ ብረት እያቀለጠ ይቀጥላል። መኪናውን አጥፍታችሁ ሰርቪስ ፕለጉን (የትልቁን ባትሪ መስመር የሚቆርጠውን መንቀያ) ብትነቅሉም ኢንቨርተሩ ውስጥ ያለው ካፓሲተር ቻርጅ ይዞ ይቆያል፣ ስለዚህ የመኪናው ማኑዋል ያለውን ደቂቃ ጠብቁ፣ ከዛ ደሞ መጠበቃችሁን አትመኑት፣ ለዛ ቮልቴጅ በተሰራ ቴስተር ለክታችሁ አረጋግጡ። ጓንቱ 1000 ቮልት የሚችል ይሁን፣ የብየዳ ጓንት ጓንት አይደለም። ብቻችሁንም አትስሩ። ጓንቱ እስኪገኝ አንድ ወር ስራው ቢቆም ይቁም፣ ማርያምን እላችኋለሁ ይቁም።

ቀላሉን ሳይለኩ ከባዱን መጠርጠር ደሞ አለ። አንድ አባት መኪናቸውን በጭነት መኪና አስጭነው አመጡልን፣ "ልጄ፣ ሌላ ጋራዥ ትልቁ ባትሪ ሞቷል አሉኝ፣ ዋጋው የመኪናውን ግማሽ ነው" አሉኝ፣ ድምፃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። እኔም አምኜ ሁለት ቀን ሙሉ ስካነር ላይ አፈጠጥኩ። በሶስተኛው ቀን ትንሿን 12 ቮልት ስለካት 9 ቮልት ላይ ናት። ትልቁን ባትሪ የሚያገናኙት ኮንታክተሮች (ትልልቅ ማብሪያ ማጥፊያዎች) የሚሰሩት በእሷ ነው፣ እሷ ከደከመች መኪናው ሬዲ አይልም በቃ። ቀየርናት ተነሳ። "ጋሼ፣ ይቅርታ ያርጉልኝ ሁለት ቀን አስጨነቅኩዎት" ነው ያልኳቸው፣ ሁለት ቀን እንቅልፍ አጥተዋል እኮ። ካን ባስም (የመኪናው ኮምፒውተሮች የሚነጋገሩበት ሁለት ሽቦ) እንደዛው ነው፣ ሶፍትዌሩን ከመጠርጠራችሁ በፊት መኪናውን አጥፍታችሁ ሁለቱን ሽቦ በኦም ለኩ፣ ጫፍና ጫፍ ላይ 120፣ 120 ኦም ስላለ 60 አካባቢ ካልመጣ መስመሩ ላይ ችግር አለ።

ፓይተን (የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ) መፍራትም ስህተት ነው፣ የባትሪ ዳታ በእጅ አይነበብምና ተማሩት፣ ከዚህ በላይ አልልም።

በጣም የሚያሳዝነኝ ግን "ጎንደር ሆኜ ምን ልሰራ፣ መጀመሪያ ውጭ ልውጣ" የሚለው ነው። ሰርተፊኬት በሰርተፊኬት ላይ እየሰበሰብኩ አንድ ዓመት ያቃጠልኩት እንዲህ እያልኩ ነው። ከተማችን እኮ ከ2100 ሜትር በላይ ናት! የብዙ ቻርጀርና ኢንቨርተር ዳታሺት ክፈቱ፣ ከ2000 ሜትር በላይ አቅሙ ይቀንሳል ይላል፣ አየሩ ስስ ስለሆነ ፋኑ እንደልቡ አያቀዘቅዝም፣ በሁለት ተርሚናል መሀል የሚተወውም ክፍተት መስፋት አለበት። ሸንዘን የተቀመጠ ኢንጂነር ይሄን ለመፈተን ልዩ ክፍል ይፈልጋል፣ እናንተ መስኮት ትከፍታላችሁ።

ደሞ ቁልቁለቱ። 1800 ኪሎ የሚመዝን መኪና 100 ሜትር ከፍታ ሲወርድ ግማሽ ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ጉልበት ይለቃል፣ ከዛ ውስጥ ስንቱ ባትሪ ውስጥ ተመለሰ? ከፒያሳ ወደ አዘዞ ውረዱና ለኩት። ሌሊት 100 ፐርሰንት የሞላ ባትሪ ጠዋት ቁልቁለት ላይ የሚመለሰውን ኤሌክትሪክ የሚያስገባበት ቦታ የለውም፣ ስለዚህ መኪናው ሪጄኔሬሽኑን (ሞተሩ ኤሌክትሪክ እያመነጨ መኪናውን የሚይዝበትን) ይቀንሰዋል፣ ሹፌሩ ደሞ "ዛሬ መኪናው አልያዝ አለኝ" ብሎ ይመጣል። ፍሬን ሸራ የሚቀይርለት አለ፣ "ቁልቁለት የምትወርድ ከሆነ ቻርጁን 80 ፐርሰንት ላይ አቁመው" የሚለው አለ። ሁለተኛውን ሁኑ። ስራ የሚቀጥራችሁ ሰው ፊት ደሞ የምታስቀምጡት ያ ነው፣ ቀኑ፣ ሲነሳ ስንት ፐርሰንት ነበር፣ አዘዞ ሲደርስ ስንት ሆነ፣ ስንት ሰው ተሳፍሯል፣ የባትሪው ሙቀት ስንት ነበር። ቁጥሩ እንደጠበቃችሁት ያልመጣበትንም ቀን ጻፉት።